በአንድ ቅዳሜ ደሴት ሙሉ ለማየት የተነሱ አራት ጓደኛሞች

«ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 34 ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማንለያይ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ዛሬ የምንኖረው በተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች ነው። አንደኛዋ ጓደኛችን በመስከረም አጋማሽ ለሥራ ስብሰባ ወደ አይስላንድ ስለምትሄድ እኛም አብረናት ለመሆን ቲኬት ቆርጠናል። አራታችንም ነፃ የምንሆነው ቅዳሜ ብቻ በመሆኑ ለዚያ ቀን በእኔ ስም መኪና ይዣለሁ። ሁለተኛዋ ጓደኛዬ 11 ቦታዎች ያሉበት ዝርዝር ልካለች፤ ወርቃማው ክበብ የሚባለው የታወቁ መጎብኛ ቦታዎች ዙር ሙሉው አለበት፣ የደቡቡ ጠረፍ አለበት፣ እስከ ዮኩልሳርሎን የበረዶ ሐይቅም ይዘልቃል። ሦስተኛው ፎቶ ማንሳት ስለሚወድ በየአምስት ደቂቃው ‘አቁሚልኝ’ የሚል ነው። ስብሰባ ያለባት ጓደኛችን ደግሞ ምን ማየት እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ‘እኔ የትም ቢሆን ደስ ይለኛል’ ከማለት አታልፍም። መንጃ ፈቃድ ያለን እኔና ፎቶ አንሺው ነን፤ ሁልጊዜ የምነዳው ግን እኔ ነኝ። ‘አንቺ ትሻያለሽ’ ይለኛል። አምና በሌላ ደሴት እንዲህ ባለ ቀን ከንጋት እስከ ሌሊት ስነዳ ውዬ፣ ማታ ላይ በማይረባ ነገር ጮኬባቸው ሁለት ወር ያህል ተኳርፈናል። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን ላድርግ? ወይስ ጭራሹን ልቅር?»

ውድ ጠያቂያችን፣

አይቅሩ። ነገር ግን ያ የ11 ቦታዎች ዝርዝር ባለበት ይዞታ ከሆነ መኪናው ውስጥ አይግቡ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ንባብ የታዘብኩት፣ ስለ ጓደኞችዎ ፍላጎት አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ እርስዎ ራስዎ ምን ማየት እንደሚፈልጉ አንድም ቃል አለመጻፍዎን ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ዝርዝሩን በኪሎ ሜትር እንመዝነው፤ ጓደኛዎን ማሳመን የሚችለው ከቅሬታዎ ይልቅ ካርታው ነውና።

አይስላንድ ደሴት ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ስፋቷ ግን 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያዋን የሚያካልለው ቁጥር 1 መንገድም ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጓደኛዎ ከዝርዝሯ ግርጌ ያስቀመጠችው ዮኩልሳርሎን ከዋና ከተማዋ ከሬይክያቪክ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደርሶ መልስ ከ740 ኪሎ ሜትር አያንስም ማለት ነው። ከከተማ ውጭ ባለው የአስፋልት መንገድ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ በጠጠር መንገድ ደግሞ 80 ነው፤ መንገዱ በመንደሮች መካከል ሲያልፍ ወደ 50 ይወርዳል፤ አብዛኛው መንገድም በአንድ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ከፊትዎ የቱሪስት አውቶቡስ ከገባ ተከትለውት መሄድ ነው። ስለዚህ የትም ሳይቆሙ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ አንድ ፎቶ ሳይነሳ፣ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዓት መሪ ላይ ይቆያሉ። በመስከረም አጋማሽ እዚያ የቀኑ ብርሃን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ትወጣለች፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ትጠልቃለች። ዘጠኙን ከዐሥራ ሁለቱ ሲቀንሱ የሚተርፈው ሦስት ሰዓት ነው፤ ይህ ለ11 ቦታዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚህ ላይ ወርቃማው ክበብ በሌላ አቅጣጫ ያለና ብቻውን ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስነዳ ዙር መሆኑን ገና አልቆጠርኩም። ጓደኛዎ ክፉ አስባ አይደለም፤ በስልክ ካርታ ላይ ሁሉም ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚታይ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ መመረጥ አለበት፤ ወይ ወርቃማው ክበብ፣ ወይ የደቡቡ ጠረፍ እስከ ቪክ መንደር። ምርጫው የእኔ ቢሆን ጠረፉን እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ የየድርሻቸውን የሚያገኙት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ወርቃማውን ክበብ መተው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ በተለይ ቲንግቬትሊር፣ ከ930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሪቱ ሸንጎ በገላጣ ሜዳ ይሰበሰብበት የነበረው ሸለቆ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ስሜት አለው። ሸለቆው የሰሜን አሜሪካና የዩሬዢያ የመሬት ንጣፎች በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚራራቁበት ቦታ ነው፤ ውቅያኖስ ሥር ተደብቆ የሚኖረው ይህን የመሰለ መሰንጠቅ በደረቅ መሬት ላይ በግልጽ ከሚታይባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች ሌላኛው የእኛው አፋር ነው፤ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተከፈተበት አፋር። ሆኖም ቲንግቬትሊር ከሬይክያቪክ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ከሌላ ቀን ላይ ግማሽ ቀን የተረፈው ሰው ሊደርስበት ይችላል። ቅዳሜን ግን አይንካት።

አሁን የበረዶውን ሐይቅ ለምትመኘው ጓደኛዎ ምን እንደሚሉ ላማክርዎ። «አይቻልም» ብቻ ብለው ከተዉት ቀኑን ሙሉ የቀረባትን ስታስብ ትውላለች። ከስኮጋፎስ ፏፏቴ ወደ ቪክ ሲሄዱ በግራ በኩል አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ሶልሄይማዮኩትል የሚባል የበረዶ ግግር ምላስ አለ። (በአገሩ ቋንቋ «ፎስ» ፏፏቴ፣ «ዮኩትል» የበረዶ ግግር ማለት ነው፤ ይህን ብቻ ማወቅ የመንገድ ምልክቶቹን ግማሽ ያስነብባል።) ከመኪና ማቆሚያው ተነስተው ሩብ ሰዓት ያህል ሲራመዱ፣ ግግሩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲሄድ የተወው ሐይቅ ዳር ይደርሳሉ፤ በእሳተ ገሞራ አመድ የጠቆረና የተዥጎረጎረ በረዶም ከፊት ለፊታቸው ያያሉ። የዮኩልሳርሎንን ስፋት አይተካም፤ ትልልቆቹን ሰማያዊ ተንሳፋፊ የበረዶ ቋጥኞችም እዚህ አትጠብቅ። ነገር ግን የበረዶ ግግር ያየች ሰው ሆና ትመለሳለች፣ እርስዎም ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጨማሪ መንገድ ይድናሉ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ያለ አስጎብኚና ያለ ጫማ ማስያዣ እሾህ በረዶው ላይ አትውጡ። ከላይ ደልዳላ የሚመስለው በረዶ ሥሩ ስንጥቅ ነው።

የቀኑን ቅደም ተከተል በተመለከተ ከብዙ ሰው የተለየ ሐሳብ አለኝ። አብዛኛው ጎብኚ ከሬይክያቪክ ሲነሳ መጀመሪያ በሚያገኘው ፏፏቴ ይቆማል፣ ቀጥሎም በሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ እጅግ ሩቅ የሆነው ቦታ ላይ ሲደርስ ይመሽበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ደክሞ በጨለማ ረጅሙን መንገድ መመለስ ነው። አምና ሌሊት ያስጮኾት እንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ገልብጡት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስታችሁ ፏፏቴዎቹን በመስኮት እያያችሁ በማለፍ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ቪክ አካባቢ ቀጥ በሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚወስደውን ይህን መንገድ ሰው ሁሉ ትኩስ ሆኖ፣ ወሬ ሳያልቅ፣ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉብኝት ወደ ማደሪያችሁ የሚያቀርባችሁ ይሆናል። ከቪክ አጠገብ ሬይኒስፍያራ የተባለው ጥቁር አሸዋ፣ ቀጥሎ የበረዶ ግግሩ፣ ቀጥሎ ስኮጋፎስ፣ በመጨረሻ ሴልያላንድስፎስ። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ብትሰጡት፣ ቪክ ውስጥ ለምግብ አርባ አምስት ደቂቃ ብትጨምሩበት፣ ከሴልያላንድስፎስ 11 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ብርሃን ሳለ ሬይክያቪክ ትገባላችሁ። ጠቅላላ የመንዳቱ ጊዜ አምስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ለፎቶ አንሺውም ቢሆን ይህ ቅደም ተከተል ይሻለዋል፤ ሴልያላንድስፎስ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ ፏፏቴ ስለሆነ የተሻለውን ብርሃን የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ፏፏቴዎች እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ሴልያላንድስፎስን ከጀርባው በሚያልፈው የእግር መንገድ ዞሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ማየት ይቻላል፣ እንደማይረጥቡ ግን ማንም ቃል አይግባላችሁ። ስኮጋፎስ ዘንድ ከ500 የማያንስ ደረጃ ወደ ጫፉ ያወጣል። መውጣት የማይፈልግ ሰው ከታች መቅረቱ እንደ ማኩረፍ አይቆጠርበት።

ስለ ሬይኒስፍያራ ግን ጨዋታውን ላቁም። ይህ የባሕር ዳርቻ ሰው ገድሏል፤ አንድ ጊዜም አይደለም። ማዕበሉ ለብዙ ደቂቃ ረጋ ብሎ ይቆይና ድንገት ከቀደሙት ሁሉ እጥፍ ርቆ የሚመጣ ሞገድ ይልካል፤ የውኃው ቅዝቃዜና ወደ ኋላ የሚስበው ጉልበት ዋና ለሚችለውም ጊዜ አይሰጥም። መግቢያው ላይ ስለ ዕለቱ አደጋ የሚያስጠነቅቅ የመብራት ምልክት ቆሟል፤ ቀይ ከሆነ ወደ አሸዋው መውረድ የለም፣ ከላይ ካለው ቦታ ሆኖ ማየት ነው። ቀይ ባይሆንም ለባሕሩ ጀርባ አይሰጥም። አደጋው የሚደርሰው በአብዛኛው ሰው ፎቶ ለመነሳት ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ በሚቆምበት ጊዜ መሆኑን ስነግርዎ ማንን እያሰብኩ እንደሆነ ይገባዎታል። እንደ ተደረደረ እንጨት የቆሙት የባዛልት ዓምዶች ዘንድም ሞገዱ ሊደርስ ስለሚችል፣ ካሜራ የያዘው ጓደኛዎ ከሩቅ ሆኖ ያንሳቸው።

እሱን ካነሳን አይቀር፣ «አቁሚልኝ» የሚለው ነገር በዚህ መንገድ ላይ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቁጥር 1 መንገድ ዳር ጠባብ ነው፤ መኪና ገታ አድርጎ ማቆም ከኋላ የሚመጣውን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ከመንገድ ወጥቶ በሣሩና በአመዱ ላይ መንዳት ደግሞ በአገሪቱ ሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው፤ እዚያ ያለው ለስላሳ ዕፅዋት አንዴ ጎማ ካለፈበት ለማገገም ረጅም ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ ስምምነት ይደረግ፤ የሚቆመው በተዘጋጀ ማቆሚያ ብቻ ነው። ይህን የምለው ከጥፋት ነፃ ሆኜ አይደለም፤ በወጣትነቴ እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ «አቁም!» ስል ሾፌሩ በድንጋጤ ፍሬን ረግጦ ሁላችንንም ከፊት ወንበር ጋር አጋጭቶናል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የመሪው ነገር ነው። «አንቺ ትሻያለሽ» የሚለው ቃል ምስጋና መስሎ የተላከ ሥራ ነው። ጓደኛዎ መንጃ ፈቃድ ካለው ይነዳል። ከቪክ እስከ ሴልያላንድስፎስ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቦታዎቹ መካከል ያለው ርቀት አጫጭር ነው፣ ከቪክ አጠገብ ያለው አቀበት ካለፈ በኋላም መንገዱ በአብዛኛው ሜዳማ ነው። ይህን እሱ ይያዝ፤ እርስዎ በዚያ ጊዜ በመስኮት ይዩ፣ ያንቀላፉ፣ ምንም አይሥሩ። የመጨረሻውን 125 ኪሎ ሜትር ግን ዐርፈው የቆዩት እርስዎ ቢይዙት ይሻላል፤ ከሬይክያቪክ በፊት የሚገኘው የሄትሊስሄይዲ ከፍታ ጭጋግና ነፋስ የሚያበዛ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው ይሻዋል። ታዲያ እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የኪራይ ውሉ ላይ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ቢነዳና ጉዳት ቢደርስ መድኑ አይሸፍንም። ስለዚህ ንግግሩ መደረግ ያለበት ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ ስትቀበሉ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ነው። እምቢ ካለም አሁን ይወቁት፤ ያን ጊዜ ሬይኒስፍያራንና ቪክን ትታችሁ በስኮጋፎስ ትመለሳላችሁ፤ እሱም የሚቀርበት ጥቁሩ አሸዋ መሆኑን አውቆ ይወስናል።

መኪናው በስምዎ በመሆኑ ሁለት ነገሮች በእርስዎ ላይ ይወድቃሉ። አንደኛው ነፋስ ነው። በጠረፉ ላይ የሚነሳው ነፋስ የመኪና በር ከእጅ ነጥቆ ማጠፊያውን ይሰብራል፤ እንዲህ ያለውን ጉዳት የተለመደው የኪራይ መድን ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። መኪናውን አፍንጫው ወደ ነፋሱ እንዲዞር አድርጎ ማቆም፣ በሩን በሁለት እጅ ይዞ መክፈት፣ ይህንም ለሦስቱም መንገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው የማቆሚያ ክፍያ ነው። ከእነዚህ ቦታዎች በሚበዙት ላይ ካሜራ የመኪናውን ሰሌዳ ያነባል፣ ክፍያው በስልክ ወይም በማሽን ይፈጸማል፣ ካልተከፈለ ግን ከነቅጣቱ በኪራይ ድርጅቱ በኩል ወደ እርስዎ የባንክ ካርድ ይመጣል። ገንዘብ ያዥነቱን ለዝርዝሯ ባለቤት ይስጧት፤ ነዳጁንም፣ ማቆሚያውንም እሷ ትክፈል፣ ማታ ለአራት ይካፈል። ዝርዝር የምትወድ ሰው ሒሳብም ትወዳለች። ነዳጅ ማደያዎቹ ብዙዎቹ ሠራተኛ ስለሌላቸው የይለፍ ቁጥር ያለው ካርድ መያዟን ያረጋግጡ።

«እኔ የትም ቢሆን ደስ ይለኛል» የምትለውን ጓደኛዎን ረስቻት አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በእርግጥ ግድ የሌለው ነው፤ ሌላው ይሉኝታ ይዞት የሚፈልገውን የማይናገር፣ ማታ ላይ ግን ዝም በማለቱ ሁሉንም የሚከብዳቸው ነው። የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ለዚህ መልሷ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። «ስኮጋፎስ ላይ ደረጃውን ብንወጣ ይሻልሻል ወይስ ቪክ ውስጥ ረዘም ያለ ምሳ?» ብለው ለብቻዋ ይጠይቋት። ከሁለት አንዱን መምረጥ ውለታ የመጠየቅ ያህል አይከብዳትም። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ የምትሰነብተው እሷ መሆኗንም አይዘንጉ፤ ንጋት ላይ መነሳቱ ከሁሉ የሚከብደው እሷን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። አምና የፈነዱት በማይረባ ነገር እንደነበረ ጽፈዋል። ሰው ዐሥራ አምስት ሰዓት መሪ ላይ ውሎ በማይረባ ነገር ቢፈነዳ አይገርምም፤ የሚገርመው ከጠዋት ጀምሮ «ደክሞኛል» አለማለትዎ ነው። ጓደኞችዎ ጥፋተኞች ናቸው ለማለት ይቸግረኛል፤ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሰዓቱን፣ ነዳጁን፣ ድካሙን፣ የሁሉንም ፍላጎት ብቻዎን ተሸክመው፣ ሸክሙ መኖሩን የነገሯቸው ሲወድቅ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እንግዲህ ለአራታችሁ በጋራ በምትነጋገሩበት ላይ መልእክት ይጻፉ፤ ኩርፊያን አያንሱ፣ ይቅርታም አያብዙ። የራስዎንም ፍላጎት አንድ ይጨምሩበት፤ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ከፏፏቴው ጀርባ መቆም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ማንም ሳያናግርዎ ሐይቅ ዳር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ። ለምሳሌ እንዲህ ቢሉ፦

«ርቀቱን አስልቼዋለሁ። ዮኩልሳርሎን ደርሰን በአንድ ቀን መመለስ አንችልም፤ በምትኩ ሶልሄይማዮኩትልን እናያለን። በ1 ሰዓት እንነሳለን፣ ከቪክ እስከ ሴልያላንድስፎስ አንተ ትነዳለህ፣ ስምህን ውሉ ላይ ላስመዝግብ የመንጃ ፈቃድህን ፎቶ ላክልኝ። አምና የጮኽኩት ስለደከመኝ ነበር፤ ዘንድሮ ሲደክመኝ እነግራችኋለሁ፣ በዚያው ቅጽበትም መኪናው በቀረበው ማቆሚያ ይቆማል። ሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት የእኔ ናት።»

ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም። የዝርዝሩ ባለቤት ለአንድ ቀን ብታኮርፍ ታኩርፍ፤ ከሁለት ወር ይሻላል።

የሚቀረው የአየሩ ነገር ነው። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት የአይስላንድ የአየር ትንበያ አገልግሎትን የነፋስ ማስጠንቀቂያና የመንገዶች አስተዳደሩ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ ካርታ ይመልከቱ፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ወደ ጠረፉ አትሂዱ። በመንገድ ላይ ቀንም ሆነ ሌሊት የፊት መብራት ይበራል፤ ይህ ግዴታ ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 112 ነው። ማታ ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ አንዱ ስልኩን አንስቶ «የሰሜን ብርሃን ዛሬ ይታያል ይላል፣ ከከተማ ትንሽ ወጣ እንበል» ማለቱ አይቀርም፤ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘው ይህ ባለ ቀለም ብርሃን ወቅቱ ነውና ሊታይም ይችላል። መልስዎ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ መኝታ መሄድ ይሁን። ማየት የፈለገ በእግሩ እስከ ባሕሩ ዳር ይውረድ፤ ከሬይክያቪክ የወደብ ዳርቻም ጠንካራ ሲሆን ይታያል።